ፈረስ ያዦቹን አትርሳ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለጌታቸው፤

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ሳንጻጻፍ ብዙ ቆየን። የአሜሪካ ጦር በላኮታና በሻየን ነባር ሕዝቦች የተሸነፈበትን የሊትል ቢግሆርንን ውጊያ ፊልም ልትሠራ እንደተነሣህ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በመጀመሪያ የለመድነውን ሥዕል ጣለው። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1876 የአሜሪካ ጦር አዛዡ ከስተር ፀጉሩ አጭር ነበር፤ እሱ የመራው የ7ኛው ፈረሰኛ ጦር ጎራዴም በሳጥን ታሽጎ ከኋላ ቀርቷል። ጎራዴ መዝዞ የሚጋልብ ወታደር ካሳየህ የሚያውቅ ተመልካች እዚያው ይለይሃል።

አጥብቄ የምለምንህ ስለ ፈረሶቹ ነው። ያ ጦር ከፈረስ ወርዶ ነበር የሚዋጋው። ከአራቱ አንዱ የራሱንና የሦስት ጓዶቹን ፈረስ ይዞ ከኋላ ይቆማል። እንግዲህ 40 ሰው ካለው አንድ ሻምበል የሚተኩሰው 30 ብቻ ነው፤ እነሱም በደንቡ አራት ሜትር ተኩል ያህል ተራርቀው ይሰለፋሉ። ትከሻ ለትከሻ አታቁማቸው። ለአንድ ሰው 100 የጠመንጃና 24 የሽጉጥ ጥይት ታድሎ ነበር፤ ከዝናሩ የተረፈው ኮርቻው ላይ ባለው ከረጢት ነው። የላኮታው የጦር መሪ ጋል በኋላ እንደተናገረው ፈረስ ያዦቹን እየመቱ ፈረሶቹን አስበረገጉ። ፈረሱ ሲሄድ ጥይቱም መሸሻውም አብሮ ሄደ። የሽንፈቱን አንድ ትልቅ ምክንያት ያለ አንድ ቃል ንግግር የምታሳየው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ያዥ ይወድቃል፣ አራት ፈረሶች ይበረግጋሉ፣ መስመሩ ላይ ያሉት ዞረው ያያሉ።

ፈረሶቹን ከቀረጻው ሳምንታት አስቀድመህ ከተኩስ ጋር አለማምዳቸው፤ ጆሯቸውን በጥጥ ድፈን። መውደቁን ለዚያ የሠለጠነ ፈረስ ይሥራው፤ በገመድ ጠልፎ መጣል ጭካኔ ነው።

ጠመንጃው የ1873ቱ ስፕሪንግፊልድ ቁጥማጥ ነው፤ አንድ ጎራሽ። መዝጊያውን ወደ ላይ መክፈት፣ ባዶውን ቀለህ ማስወጣት፣ ማጉረስ፣ መዝጋት፣ ቃታውን መሳብ፤ ተዋናዮቹ ሁሉንም ይሥሩት፣ በኤዲቲንግ አትዝለለው። የመዳብ ቀለህ ሲግል ይጣበቅና በቢላ ይፈለቀቃል፤ ነገር ግን በ1983 የውጊያው ሜዳ ሣር ከተቃጠለ በኋላ በ1984 እና በ1985 በተቆፈሩት ቀለሆች ላይ የዚህ ምልክት ከመቶ አምስት አይሞላም። ስለዚህ አንድ ወታደር ላይ አሳየው እንጂ የሽንፈቱ መንስኤ አታድርገው። ከላኮታና ከሻየን ተዋጊዎች እጅ ሄንሪና ዊንቸስተር እንዳይጠፋ፤ እነዚያ ደጋግመው ይተኩሳሉ።

ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ይሁን። የዛሬው ባሩድ ጭሱ ስስ ነው፤ ዘመኑን ያበላሽብሃል። የጥቁሩ ጭስ ግን ይከማቻል፤ ነፋሱ ከጎን ሲነፍስ ቅረጽ፣ አለዚያ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ካሜራህ ነጭ ግድግዳ ብቻ ያያል። እርሳስ የሌለው ጥይትም በቅርብ ይገድላል፤ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር።

አስከሬን የወደቀበትን ቦታ በውጊያው ሜዳ ከቆሙት ነጭ የመታሰቢያ ድንጋዮች አትቅዳ። ከከስተር ጋር የሞቱት 210 ያህል ሲሆኑ በ1890 የተተከሉት ድንጋዮች ግን ከዚያ ይበልጣሉ። ይልቅ በውጊያው የነበረው የላኮታው ተዋጊ ሬድ ሆርስ በ1881 የሣላቸውን ሥዕሎች አጥና፤ ልብሱም፣ የፈረሱ ቀለምም፣ የወደቁትም አሉበት። ቋንቋውም ላኮታና ሻየን፣ ለከስተር ጦር ቃኚዎች ደግሞ ክሮውና አሪካራ ይሁን፤ ከወታደሮቹ መካከልም አየርላንዳዊና ጀርመናዊ ብዙ ነበር።

የቀረጻውን ሜዳ ስትመርጥ ካርታውን ላክልኝ። ፈረስ ያዦቹ የሚቆሙበትን ጥግ ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ።

ወዳጅህ