ይድረስ ለአባባ፣ ከአዋሊ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን አላስረዝምም፤ ብዙ የምነግርዎ አለኝ፣ የምታነብልዎም ሙሽሪት ናት። ብሩን ትናንት በባንክ ልኬአለሁ። ግማሹ ለዓይንዎ ኦፕራሲዮን፣ ግማሹ ለሰርጉ ነው። የዓይንዎ ሞራ እንዲህ መጥናቱን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው፤ ለምን ደበቃችሁኝ? እኔም ስልክ አለመደወሌን እንደ መርሳት አትቁጠሩብኝ። ድምፅዎን ስሰማ ሲቃ ይይዘኛል፤ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

ባለፈው «ያለሽበት ቦታ ታሪክ አለው ወይስ አሸዋ ብቻ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አለው አባባ። ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምር የኖረን ሰው የሚያስደንቅ ታሪክ አለው።

አዋሊ ባሕሬን መካከል ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ነዳጅ ባይገኝ ኖሮ አትኖርም ነበር። አጠገባችን ጀበል ዱኻን የሚባል ኮረብታ አለ፤ ከፍታው 134 ሜትር ነው፣ ጦሳን እያየ ላደገ ሰው ተራራ አይባልም። (ይህን ስጽፍ የጦሳ ጭጋግ ቁልቁል ወደ ደሴ ሲወርድ ዓይኔ ላይ ይመጣል።) በ1924 ዓ.ም. ግንቦት ከኮረብታው ሥር ዘይት ፈለቀ፤ በባሕረ ሰላጤው የዓረብ ዳርቻ የመጀመሪያው ነው። ባሕሬን እስከ 1963 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበረች። ቆፋሪው ኩባንያ የአሜሪካኖች ቢሆንም፣ እንግሊዞች የኛ ካልሆነ አይገባም ስላሉ ካናዳ ሄዶ ነው የተመዘገበው። ከዚያ ለፈረንጅ ሠራተኞቹ ይህቺን ከተማ ሠራላቸው፤ ባለ አትክልት ቤት፣ ክበብ፣ መዋኛ፣ ዙሪያውን ደግሞ አጥር።

ይህን ያጫወቱኝ የምጦራቸው ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው ባሕር እየጠለቁ ዕንቁ ይለቅሙ ነበር፤ ጃፓኖች ዕንቁ በእጅ ማርባት ሲችሉ ገበያው ወደቀና ወደ ዘይቱ ሥራ ገቡ። ቀን አጥሩ ውስጥ ሠርተው ማታ ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። በ1931 ዓ.ም. ሠራተኛው መብቱን ጠይቆ ሥራ አቆመ፤ መሪዎቹን ወደ ህንድ አጋዟቸው። ሽማግሌውም ያደጉት ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ዛሬ ግን ልጃቸው እዚሁ ውስጥ ቤት አለው። ማታ ማታ ደግፌአቸው እናዘግማለን። እዚህ የዘይት ቧንቧው የሚሄደው ከመሬት በላይ፣ በመንገድ ዳር ነው። ቀን ከነኩት እጅ ያቃጥላል፤ ሲመሽ ከዘራቸውን እሱ ላይ አስደግፈው ወሬአቸውን ይቀጥላሉ።

አሁን እርስዎን የሚነካው ቦታ ላይ ደረስኩ። እዚህ ያለው የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ የጀመረው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አያቴ ገና ጫካ ሳሉ፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ከሮድስ ደሴት ተነሥተው እዚህ ድረስ መጡና ማጣሪያው ላይ ቦምብ ጣሉ። ጉዳቱ ቀላል ነበር። ከዚያ የት ሄደው እንዳረፉ ያውቃሉ? ዙላ! ናፒየር በቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ጦሩን ያራገፈበት፣ እርስዎ ሰሌዳው ላይ ቀይ ባሕርን ሥለው በጠመኔ ያከበቡት ዙላ። ለሽማግሌው አያቴ አርበኛ እንደነበሩ ስነግራቸው መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። የት ተዋጉ? ምን ይበሉ ነበር? መሣሪያ ከየት አገኙ? ብዙውን መመለስ አልቻልኩም። እርስዎ እየነገሩ ሙሽሪት ትጻፍልኝ፤ ሳይቀር ሁሉንም።

ሙሽሪት፣ ይህን አንቀጽ ለአባባ አታንብቢላቸው። በየማታው ለሽማግሌው የዓይን ጠብታ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣቴ ዝቅ አድርጌ፣ ጠብታዋ እስክትገባ ትንፋሼን ይዤ እቆያለሁ። ያኔ ነው የአባባ ዓይን የሚመጣብኝ። የሰው አባት እየጦርኩ የራሴን አባት ለናንተ ትቻለሁ፤ ግን ይህ ሥራ ባይኖር ለኦፕራሲዮኑ ከየት ይመጣ ነበር? ለሰርግሽ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ አልሆነም። ለአባባ የኮንትራት ጉዳይ ነው በያቸው። አንቺን ወገብሽን ይዤ ሳላስጨፍርሽ መቅረቴ እስከ ዛሬ ከቀረብኝ ሁሉ ይበልጥብኛል። እልልታው ሲጀመር ደውይልኝ፤ ሥራ ላይ ብሆንም አነሣለሁ።

አባባ፣ ሰርጉ ጥር ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ከዚያ በፊት ይሁን። «መጀመሪያ ለድንኳኑና ለበሬው» እንደሚሉ አውቃለሁ፣ በዚህ አልሰማዎትም። ልጅዎን ነጭ ለብሳ አይተው ነው የሚመርቋት። ብሩ ካነሰ በሚቀጥለው ወር እጨምራለሁ፤ ከሰው እንዳትበደሩ። ሐኪሙ ቀጠሮ እንደሰጠዎ ቀኑን አሳውቁኝ።

የምትናፍቅዎ ልጅዎ