ዓርብ ወደ አዋሽ፦ ከመነሳታችን በፊት

ሰላም ለሁላችሁ! የዱር እንስሳት ለማየት ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እንሄዳለን። ዓርብ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ተነስተን አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ እናድራለን። «ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ብንወጣስ?» ያላችሁ አላችሁ። አይሆንም። መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐይ ከከረረች ደግሞ አውሬው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። እኛም ባዶ ሜዳ አይተን እንመለሳለን። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ልክ 12 ሰዓት ላይ ፓርኩ በር ላይ ነን።

ለአንበሳ ብቻ የምትመጡ ካላችሁ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እሱ የዕድል ጉዳይ ነው። የአዋሽ ጌጥ ሳላ (ኦሪክስ) የሚባለው ቀንዳም የዱር እንስሳ ነው። ኢላላ ሳላ በሚባለው የፓርኩ ሜዳ ላይ በረጃጅም ቀጥ ያሉ ቀንዶቹ ከሩቅ ይለያል። ሴቷም ቀንድ ስላላት «ወንድ ነው፣ ሴት ናት» እያላችሁ አትጨቃጨቁ! ፌቆና ከርከሮም በዚያው ይታያሉ።

ፓርኩ ውስጥ ያለው የአዋሽ ፏፏቴ ጋ አዞ አለ። ውሃው ዳር ወርዶ ሰልፊ መነሳት የለም፣ አበቃ። ከመኪና የምንወርደውም ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) ሲፈቅድ ብቻ ነው። ለዝንጀሮ ሙዝ የሚወረውር ሰው መስኮቱ አጠገብ አይቀመጥም።

ኮፍያ፣ በቂ ውሃ፣ ካላችሁም ባይኖኩላር ያዙ። ድሮን ግን እቤት ይቅር። የምትቀሩ ካላችሁ እስከ ረቡዕ ማታ አሳውቁን፤ መኪና የምንከራየው በሰው ቁጥር ነው።