አባታችንን አብራችሁ ላስታመማችሁልን ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ለተወደዳችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ለዕድራችንና ለጽዋ ማኅበራችን አባላት፣ ለሐኪሞችና ለነርሶች፣ ለንስሐ አባታችን፣ እንዲሁም በአገር ውስጥና በውጭ ለምትኖሩ ዘመዶቻችን በሙሉ፤

አባታችን በጠና ታመው ሆስፒታል ከገቡ እነሆ ዓመት ሞላቸው። ይህን ምስጋና እስከ ዛሬ ያቆየነው አውቀን ነው። ከሆስፒታል በወጡበት ሳምንት ብንጽፈው ኖሮ ልናመሰግን የምንችለው ስለ ሕክምናው ብቻ በሆነ ነበር። አባታችንን ለዛሬው ጤንነታቸው ያበቃቸው ግን ከዚያ በኋላ በየማዕዱ፣ በየቡናው፣ በየልቅሶውና በየማኅበሩ ያደረጋችሁላቸው ነገር ነው፤ ይህንንም በዝርዝር ካልተናገርነው ምስጋናችን ጎዶሎ ይሆንብናል።

ነገሩን ከመነሻው ላልሰማችሁ፣ አባታችን በዐቢይ ጾም ወራት ሰውነታቸው እየከሳ፣ ውኃ ጥሙ እየጸናባቸው፣ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ደጋግመው እየተነሡ ሰነበቱ። እርሳቸው የጾሙ ድካም ነው ይሉ ነበር። በሰሙነ ሕማማት ዓይናቸው ፈዝዞ፣ ምላሳቸው ደርቆ፣ ቆመው መሄድ ሲያቅታቸው ጎረቤቶቻችን በጋቢ ደግፋችሁ መኪና ላይ አወጣችኋቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ የደማቸው ስኳር 487 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ተገኘ፤ የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ምርመራም 11 በመቶ ሆኖ መጣ። ይህ ምርመራ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ሕመም እንደሚባል የሰማነው በዚያ ሌሊት ነው። በሌሊት ተረኛ የነበራችሁ ሐኪሞችና ነርሶች ሳትሰለቹ ፈሳሽና ኢንሱሊን እየሰጣችሁ፣ በየሰዓቱ እየለካችሁ አደጋውን አሳልፋችሁልናል። እግዚአብሔር ያክብርልን።

ከነርሶቹ መካከል አንዷን ለብቻ ማንሣት እንወዳለን። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣምና፣ በአባታችን አልጋ ሥር የታሸገ ጭማቂ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ሙዝና የጠርሙስ ማር ተደርድሮ ነበር። ነርሷ ይህን ስታይ ማንንም ሳታሳፍር አንዱን የለስላሳ ጠርሙስ አነሣችና፣ በ300 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር እንዳለ፣ ይህም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑን በማንኪያ እየሰፈረች አሳየችን። ቀጥላም ማሩ ላይ ደረሰች፤ ማር የተፈጥሮ ስለሆነ ለስኳር ሕመምተኛ አይከፋም የሚለውን ወሬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጋችው፤ ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው። የቀይ ጤፍ እንጀራም ጠቆር ስላለ ብቻ እንደ ልብ የሚበላ እንዳልሆነ፣ ትልቁ ነገር መጠኑ እንደሆነ ነገረችን። በማግስቱ ጎረቤቶቻችን እንቁላል፣ ጎመንና አቮካዶ ይዛችሁ ስትመጡ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር መድረሱን አወቅን፤ አባታችንም ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ያን ቀን ነበር።

የነርሷ ምክር በወረቀት ላይ ቀላል ነበር፤ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ምስር ወይም ሌላ ጥራጥሬ ወይም እንቁላል ወይም ሥጋ፣ ቀሪው ሩብ ደግሞ እንጀራ ወይም ዳቦ ይሁን የሚል ነው። እንደ እኛ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ ለሚበላ ቤተሰብ ግን «የሳህኑ ሩብ» የሚባል ነገር የለም። ማን ምን ያህል እንደቆረሰ አይታወቅም፤ እንጀራውም ሲያልቅ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአባታችን ለብቻ በሳህን ቢቀርብላቸው ምግቡን ነካ ነካ አድርገው መተው ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር ከአንድ ገበታ የበሉ ሰው ጥግ ላይ ለብቻቸው መብላት እንደ ቅጣት ሆነባቸው።

እናታችን ይህን ያስተካከለችበት ዘዴ ሊጻፍ የሚገባው ነው። እንጀራውን በሙሉ በእንጎቻ መጠን መጋገር ጀመረች፤ ከዚያው ሊጥ፣ በዚያው ምጣድ፣ መሐሉ ላይ ብቻ እያዞረች። ለእርሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያው የብቻ ሳህን በሆነ ነበር፤ እርሷ ግን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ጋገረች። ትሪው ላይ በየሰው ፊት አንድ አንድ እንጎቻ ይታጠፋል፤ መሐሉን ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ፎሶሊያ ይሞላዋል፤ ወጡ በዳር በዳር ይጨለፋል። ጭማሪ የፈለገ ሰው የሚጨምረው ከአትክልቱና ከምስሩ ነው። አባታችን በዚህ ዕድሜያቸው እንጎቻ በመብላታቸው የሰፈር ሰው ሲቀልድባቸው «ጥርስ እስካወጣ ነው» እያሉ መልሰው ይቀልዱ ነበር። እናታችን ሽሮውን በትንሽ ዘይት ሽንኩርቱን በራሱ ውኃ እያቁላላች መሥራቷ፣ ከስንዴ ዳቦ ይልቅ የገብስ ቂንጬ ለቁርስ ማውጣቷ፣ ቆሎውን በጭብጥ ሰፍራ ማስቀመጧ ሁሉ የዚያው ሥራ ክፍል ነው። አካባቢያችን የገብስና የባቄላ አገር በመሆኑም ነገሩ ከኪስ አልጎዳንም፤ የተለየ ምግብ ከሩቅ መግዛት አላስፈለገንም። እናታችን ስሟ ከምስጋናው እንዲወጣ ለምና ነበር። አላወጣነውም።

ወደ ቡናው ስንመጣ ምስጋናችን ለሴቶች ጎረቤቶቻችን ነው። አባታችን የሚጠጡት ቡናም ሻይም ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚገባበት ነበር፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ ሻይ እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። ሐኪሙ ስኳሩን ሲከለክሏቸው ቡና ጥሪ መሄድ አቆሙ። ይህን ያየችው ማዶ ቤት ያለችው ጎረቤታችን፣ እርሳቸው በሚገኙበት ቀን የስኳሩን ዕቃ ከረከቦቱ ላይ አንሥታ በምትኩ ጤና አዳም አስቀመጠች። ማንም ምንም አላለም። አቦሉም ቶናውም በረካውም ያለ ስኳር ተጠጣ፤ ከዚያ ወዲህም በእርሷ ቤት ልማዱ ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ሌሎቻችሁም ተከተላችኋት። ምግብ ስታቀርቡም «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ማለቱን ሳትተዉ ጉርሻውን ከጎመኑና ከአይቡ ማድረጋችሁን አይተናል። እንግዳ አለመለመን ነውር በሆነበት አገር ይህ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደጠየቀ ይገባናል።

ስለ ጾሙ ጉዳይ ንስሐ አባታችንን በልዩ ሁኔታ እናመሰግናለን። ፍልሰታ ሲደርስ አባታችን እንደ ቀድሞው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመጾም ቆርጠው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከሜትፎርሚን ጋር ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን እንክብል ይወስዱ ስለነበር፣ እርሱን ውጦ ሳይበሉ መዋል የደም ስኳርን እጅግ ሊያወርድ እንደሚችል ሐኪሙ አስጠንቅቀዋቸዋል። ሐኪሙን ያልሰሙትን ሰው ያሳመኗቸው ካህኑ ናቸው። ለታመመ ሰው የሰዓቱ ጾም ቀርቶለት ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መከልከሉ እንደሚበቃው፣ በመድኃኒቱ ሰዓትም መብላት እንዳለባቸው ቤታችን ድረስ መጥተው አዘዟቸው። ጸበል ለመጠመቅ ሲሄዱም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ነገሯቸው። ጸበል ገብተው መድኃኒት በማቋረጣቸው የተጎዱ ሰዎች በየሰፈሩ ስላሉ፣ ይህ ቃል ከካህን አንደበት በመውጣቱ ምን ያህል ዕዳ እንዳቃለለልን መግለጽ ያቅተናል። አባታችን ዛሬ የጾም ወቅት ሲመጣ ጠዋት ቂንጬያቸውን፣ በምሳ ምስርና ጎመናቸውን ይበላሉ፤ ኅሊናቸውም ዕረፍት አግኝቷል።

አብሽ፣ ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ያመጣችሁልንም አላችሁ። ደግነታችሁን በሙሉ ልብ ተቀብለናል፤ እናታችንም በየጊዜው ወደ ምግቡ ትጨምረዋለች፤ ነገር ግን እንክብሉን እንደማይተካ ከሐኪሙ ተረድተናል፤ በዚህ ቅር እንዳትሰኙብን አደራ እንላለን።

ከሁሉም በላይ በልባችን ታትሞ የቀረው በአንድ የልቅሶ ቀን የሆነው ነው። አባታችን በጠዋት መድኃኒታቸውን ውጠው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ለቀብር ወጡ። ከቀብር መልስ ዕድር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ ግንባራቸው ላብ አጠመቀው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸውም ተወሳሰበ። አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች ኀዘኑ ከብዷቸው ነው ሲሉ፣ በድንኳኑ ሻይ ሲያድል የነበረው ወጣት ትሪውን አስቀምጦ «ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት አይደል? ቁርስ በልተዋል?» ሲል ጠየቃቸው። መልስ ሳይጠብቅ አራት ማንኪያ ስኳር ለብ ባለ ውኃ በጥብጦ አጠጣቸው። ከኪሳቸው ባለው መሣሪያ ሲለካ 54 ሆኖ ተገኘ፤ ከ70 በታች ሲሆን አደገኛ መሆኑን ልጁ ያውቅ ነበር፤ እናቱም ስኳር አለባቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሲለካ ከፍ ብሏል፤ ወዲያው ሰሐን ሙሉ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ አቀረበላቸው። ዓመቱን ሙሉ ሰፈር የሸሸገባቸው ስኳር በዚያች ቀን ነፍሳቸውን አተረፈ። ሐኪሙም ይህን ሰምተው መድኃኒቱን አስተካከሉላቸው። ለዚህ ወጣት የዕድሩ ዳኛ በሰው ፊት አመስግነውታል፤ እኛም ደግመን እናመሰግነዋለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕድራችን በድንኳኑ ውስጥ ንፍሮው ከሻይ ቀድሞ እንዲታደል መወሰኑንም በደስታ ሰምተናል።

ሪያድ የምትኖረው እኅታችን በዕረፍት ቀኗ ፋርማሲ ለፋርማሲ እየዞረች የመለኪያውን ስትሪፕ፣ ማለትም የደም ጠብታ የሚነካበትን ቀጭን የመመርመሪያ ቁራጭ፣ በመንገደኛ እጅ ትልክልናለች። ዕቃውን ይዛችሁ የመጣችሁ የማታውቁን ተጓዦችም ሁሉ በዚህ ምስጋና ውስጥ ናችሁ። በነገራችን ላይ፣ ለዘመዳችሁ ስትሪፕ የምትልኩ ካላችሁ መጀመሪያ የመሣሪያውን ስም ጠይቁ፤ የአንዱ መሣሪያ ስትሪፕ በሌላው አይሠራም፤ የሚያበቃበትን ቀንም ካርቶኑ ላይ አንብቡ።

በጡረታ ያሉ የሥራ ባልደረቦቻቸውም አልተለዩአቸውም። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጠባሴ ወደ መሐል ከተማ አብረው ይሄዳሉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተራመዱ በኋላ ይመለሳሉ። አባታችን ብቻቸውን ቢሆኑ በዚያ ንፋስ ከደጅ እንደማይወጡ እናውቃለን።

ባለፈው ወር የተደረገው የሦስት ወር ምርመራ 6.9 በመቶ ሆኖ መጥቷል። «ዳኑ አይደል?» ብላችሁ ለምትጠይቁን፣ ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ዋለ እንጂ አልሄደም። መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ እግራቸውን ማታ ማታ ታጥበው ቁስል እንዳለ ያያሉ፣ ዓይናቸውንም በዓመት ይታያሉ። እንጎቻውም ይቀጥላል።

መለኪያ መሣሪያው ቤታችን ስላለ፣ በሰፈራችን ስኳር አለብህ ወይም አለብሽ ተብሎ ገና የተነገረው፣ መሣሪያ መግዛትም ለጊዜው ያልቻለ ሰው ካለ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይምጣ። ስትሪፕ ከእኛ ነው፤ መውጊያ መርፌው ግን ለየሰው አዲስ መሆን ስላለበት እርሱንም አዘጋጅተናል። እናታችን ደግሞ ሽሮው በትንሽ ዘይት እንዴት እንደሚጣፍጥ ለማሳየት ፈቃደኛ ናት፤ ቡናው ያለ ስኳር ነው።

እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።

ከመላው ቤተሰብ
ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ