ስለ ኩሬው አዞ

ደሴ

ለውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ጦሳ ሰሞኑን ጉሙን እንደተከናነበ ነው።

ከፍሎሪዳ የላክኸውን ቪዲዮ እህትህ ቡና ላይ ለሁላችንም አሳየችን። አያትህ ከቤትህ ጀርባ ካለው ኩሬ ዳር ያ አውሬ ተጋድሞ ባዩ ጊዜ፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ያ ረቢ! ልጄን ከአዞ ጋር ነው እንዴ ያኖሩት?» አሉ፤ በረካውን እንኳ ሳይጠጡ ዱዓ ያዙ። እኔም ከጡረታ በኋላ ያልለቀቀኝ የባዮሎጂ መምህርነት አላስቀምጥ ስላለኝ ይህን እጽፍልሃለሁ።

እኛ አዞ የምንለው፣ በጫሞ ሐይቅ ዳር ተኮልኩሎ ፀሐይ የሚሞቀውና በአዋሽም የሚገኘው፣ የናይል አዞ ነው። የአንተ ጎረቤት አሊጌተር ሲሆን ዘመዱ እንጂ እርሱ አይደለም። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ስም ብቻ ስላለው፣ አያትህ ስለ እኛው አዞ የሰሙትን ሁሉ በአንተ ኩሬ ላይ ጫኑት። አሊጌተር አፈ ሰፊና አፍንጫው ደልደል ያለ ነው፤ አፉን ሲገጥም የታችኛው ረድፍ ጥርሱ ይሰወራል፣ የአዞ ግን ከታች አራተኛው ጥርስ አፉ ተዘግቶም ወደ ውጭ አግጦ ይታያል። ሰውን በመድፈርም ከናይል አዞ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ይህን ለአያትህ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፣ አላመኑኝም።

በስም መሳሳት የእኛ ብቻ አይደለም። ስፔኖች መጀመሪያ ሲያዩት «ኤል ላጋርቶ»፣ ማለትም እንሽላሊቱ አሉት፤ አሊጌተር የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ከሰልባጅ ተራ ገዝቼ ለዓመታት የለበስኳትን፣ ደረቷ ላይ አረንጓዴ አውሬ ያለባትን ሸሚዝ ታስታውሳለህ? የዚያን ሸሚዝ ዓይነት የፈጠረው ፈረንሳዊው የቴኒስ ተጫዋች ረኔ ላኮስት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ ጋዜጠኞች «አሊጌተር» የሚል ቅጽል አውጥተውለት ነበር፤ ስሙ ውቅያኖስ ተሻግሮ ፈረንሳይ ሲደርስ ግን አዞ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ አሊጌተር በፍሎሪዳው የኤቨርግሌድስ ረግረግ የሚሠራው ሥራ ነው። በአፉና በጅራቱ ጭቃውን እየጠረገ ጉድጓድ ያበጃል፤ በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ ውሃ የሚቀረው በዚያ ስለሆነ ዓሣውም፣ ኤሊውም፣ ወፉም ወደዚያ ይሰበሰባል። እርግጥ ባለቤቱ ከእንግዶቹ ጥቂቱን ይበላል። ቢሆንም እኛ የወሎ ሰዎች ውሃ ሲነጥፍ ምን እንደሚከተል ስለምናውቅ፣ ይህን ባነበብሁ ቁጥር ለአውሬው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። እናቲቱም ከቅጠልና ከሣር ጎጆ ትከምራለች፤ ክምሩ ሲበሰብስ የሚፈጥረው ሙቀት እንቁላሎቹን ይታቀፍላታል፣ ጫጩቶቹ ወንድ ወይም ሴት የሚሆኑትም በዚያው ሙቀት መጠን ነው። ሲፈለፈሉ በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ታወርዳቸዋለች። ይህ ፍጥረት በቆዳው ምክንያት ታድኖ ሊያልቅ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ተመዝግቦ ነበር፤ ተጠብቆ አገገመና በ1987 ከመዝገቡ ወጣ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። በቪዲዮው መጨረሻ ላይ የዶሮ አጥንት ስትወረውርለት አይቻለሁ፤ አያትህ ስላላዩት አመስግን። እናንተ ዘንድ «ጋተር»፣ ማለትም አሊጌተር በአጭሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ቡድን መጠሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚያው ቡድን ተጫዋቾች የተቀመመው መጠጥ ጌቶሬድ የተባለውም በእርሱ ስም ነው። በማልያና በጠርሙስ ላይ ያየኸው አውሬ ለማዳ መስሎህ እንደሆነ እገምታለሁ። አያትህ ከልክ በላይ ፈሩ፣ አንተ ከልክ በታች። አሊጌተር በተፈጥሮው ከሰው ይሸሻል፤ መብል የሚሰጠው ሰው ሲያገኝ ግን ፍርሃቱን ይተውና ሰው ባየ ቁጥር ወደ ዳር መቅረብ ይጀምራል። በፍሎሪዳ እርሱን መቀለብ በሕግ የተከለከለውም ስለዚህ ነው። ዛሬ አጥንት የወረወርህለት አንተ ነህ፤ ነገ ዳር ላይ የሚያገኘው ግን የጎረቤትህን ሕፃን ሊሆን ይችላል።

ሌላ ጊዜ ራቅ ብለህ፣ ከሰገነትህ ላይ ሆነህ፣ አፉን በገጠመበት ሰዓት ፎቶ አንሣልኝ። ጥርሱ አለመታየቱን ለአያትህ ካላሳየኋቸው በቀር ዱዓቸውን የሚያቆሙ አይመስለኝም።

አባትህ