ሳጥኑን ወዲያው እንዳትከፍተው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ፣

«ጤና ይስጥልኝ» ብዬ እንደ ባዕድ ልጀምር ወይስ እንደ ድሮው በስድብ ልጀምር እያልኩ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ሦስተኛው ይኸው። በፖስታ ብልከው እሷ ትቀድመዋለች ብዬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ነው የምሰድልህ። የእጅ ጽሑፌ ያው የሐኪም ነው፤ ታግሠህ አንብበው።

እሷ ያልኳት የጋሼን ጊታር ነው። ሰኞ እልክልሃለሁ፤ ሐሙስ፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ ደጅህ ትደርሳለች ብዬ አስባለሁ። ስትደርስ ቶሎ ወደ ውስጥ አስገባት፤ ካርቶኑን ግን እንዳትከፍተው። ሙሉ 24 ሰዓት፣ ከማሞቂያው ራቅ ብላ ሳሎን ጥግ ትቀመጥ። አውቅሃለሁ፣ ቢላ ይዘህ ነው የምትጠብቃት። አደራ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርሃለሁ፤ ከዚያ በፊት የምናዘዘው አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት የጠፋሁብህ ተቀይሜህ አይደለም። ሰባሪው እኔ፣ አኩራፊውም እኔ! ያኔ ተሰብራ ስትደርስህ «አንተው ጋ ትሁን» ብለህ መልሰህ ስትልካት ካርቶኑ ላይ ከአድራሻዬ በቀር አንድ ቃል አልነበረበትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋ ሥር አስገባኋትና ተውኳት። ከዚያ ጋሼ አረፉ። የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነው፣ ያውም ከሦስተኛ ሰው። ስልኩን አንስቼ ስምህ ጋ ስደርስ፣ ጊታራቸውን ሰብሬ አልጋ ሥር የደበቅሁ ሰው እንዴት አድርጌ ነው የማጽናናህ እያልኩ መልሼ አስቀምጠው ነበር። ዓመት ሲሞላ ደግሞ «አሁንማ አለፈ» አልኩ። ዛሬም ቢሆን ልበልህ፦ እግዜር ያጥናህ። ለቅሶ አልደረስኩም፤ በዚህ ላይ የማቀርበው ሰበብ የለኝም።

አሁን በታኅሣሥ 2006 ያደረግኩትን ልንገርህ፤ ሙሉውን አታውቀውም። ሰርጉ አልቆ ጊታሯን ልመልስልህ ስል ክሮቹን እንደተወጠሩ ተውኳቸው። ኬዙ ውስጥ አጋደምኳት፤ መቃኛዎቹ ካሉበት ከራሷ ሥር ባዶ፣ ከራሷ ግራና ቀኝ ባዶ። በዚያው ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ በርበሬ ልካ ነበር። ላካፍልህ ብዬ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሞላሁና ራሷ አጠገብ ባለው ክፍት ቦታ ሸጎጥኩት። ቦታ እንዳይባክን! ኬዙን አንድ ዙር ካርቶን አለበስኩት፣ በፕላስተር ጠፈርኩት፣ «ተሰባሪ» ብዬ በቀይ ጻፍኩበትና በሰላም ተኛሁ። የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ቀዩን ኬዝ ፎቶ አንስተህ የላክህልኝ አንተ ነህ። አጓጓዡን ድርጅት ካሳ ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ «አስተሻሸጉ በቂ አልነበረም» የሚል ነበር። ለስንት ወር አማኋቸው፤ ግን እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ዓመት እንደምንም ደፍሬ ባልቲሞር አካባቢ ወዳለ አንድ ሽማግሌ ጊታር ሠሪ ወሰድኳት። መብራቱን አስጠግቶ ስንጥቁን ሲያይ ቆየና በመርፌ ጫፍ ቀይ ዱቄት አወጣ። ቀለሙ የተፋቀ መስሎት ጣቱ ላይ አድርጎ አሸተተው፤ ከዚያ ሦስቴ አነጠሰ። «ምንድነው?» አለኝ። «ምግብ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀኝም።

ግን ብዙ አስተማረኝ። የኛ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1964 ካላማዙ፣ ሚሺጋን የተሠራች ጊብሰን ኤስጂ ጁኒየር ናት። የዚያ ዘመን የጊብሰን አንገት ከአንድ ወጥ ማሆጋኒ የሚጠረብ ነው፤ የመቃኛዎቹ ራስ ደግሞ ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። እንጨቱ እዚያ መታጠፊያው ላይ ቃጫው አጭር ይሆናል። በዚያ ላይ አንገቷን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን የውስጥ ብረት ማጥበቂያ ለማግኘት ልክ እዚያው ቦታ ተቦርቡሯል። እኔ ካርቶኑን የወረወሩት ወይ የረገጡት ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው ግን ማንም ሳይነካት በጀርባዋ ብትወድቅ እንኳን ይበቃታል አለኝ። ኬዙ መሬት ነክቶ ሲቆም ገላዋ አብሮ ይቆማል፤ ራሷ ግን ስድስቱን መቃኛ ተሸክማ ጉዞዋን ትቀጥላለች። ክሮቹም በ45 ኪሎ ገደማ ጉልበት ወደ ፊት ይዘዋታል። ቀጭኑ ቦታ ላይ ቋ! ስለዚህ ከውጭ አንድ ሜትር ስፖንጅ ብታለብሳት ውስጡ ክፍት ከሆነ ዋጋ የለውም። በርበሬው ደግሞ እንደ መዶሻ አገዘ።

ስንጥቁ ረጅምና ንጹሕ ስለነበረ በኮላ ብቻ ያዘላት። መስመሯ ከኋላ በኩል ትታያለች፤ ቀለም ደርቤ ልሸፍናት ስል ሽማግሌው ተቆጣኝ። አንገቷ የተጠገነ ጊታር ገበያ ላይ ከዋጋው ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ያንን መደበቅ ማጭበርበር ነው አለ። እንደማትሸጣት ብነግረውም ቀለሙን አልሰጠኝም።

እንግዲህ ዘንድሮ እንዴት እንዳሸግኳት ልንገርህ፤ ስትከፍትም ቅደም ተከተሉን እወቀው። ክሮቹን ድምፃቸው ሁለት ደረጃ ያህል ዝቅ እስኪል አላልቻቸዋለሁ እንጂ አላወለቅኳቸውም። ጭራሽ ቢወልቁ አንገቷ ውስጥ ያለው ብረት ብቻውን ወደ ኋላ ይስባታል፤ ብሪጇም (ክሮቹ ገላዋ ላይ የሚያርፉበት ብረት) የያዛት የክሮቹ ውጥረት ስለሆነ ወልቃ ገላዋን ትቧጭረው ነበር። በክሮቹና በጣት ማስቀመጫው እንጨት መሃል አንድ ወረቀት አለ፣ እንዳትደነግጥ። ከቂጧ ያለውን የማንገቻ ቁልፍ ፈትቼ በፖስታ አድርጌዋለሁ። ካርቶኑ በቁሙ ቢወድቅ ያቺ ቁልፍ እንደ ምስማር ወደ ውስጥ ገብታ እንጨቱን ትሰነጥቀዋለች፤ ይኼንን ፈጽሞ አላውቅም ነበር።

ዋናው ሥራ ራሷ ጋ ነው። ከሥሯ፣ ከላይዋ፣ ከግራ ከቀኝ ቲሸርት ጠቅጥቄያለሁ። በየዓመቱ ከምንሄድበት የእግር ኳስ በዓላችን የተረፉ ናቸው፤ አንዱ ያንተ ነው፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ፣ አሁን አይገባህም። አንገቷም ከሥር እስከ ጫፍ ተደግፏል። ኬዙን ዘግቼ ስነቀንቀው ኮሽ የሚል ነገር የለም። ፈተናው እሱ ነው፤ አንዲት ድምፅ ከሰማህ ከፍተህ እንደገና ትጀምራለህ። እኔ አራት ጊዜ ነው የጀመርኩት። ላስቲክና ፕላስቲክ ግን ገላዋን እንዲነኩ አላደረግኩም፤ ያ የድሮ ናይትሮ ቫርኒሽ ከአንዳንዱ ፕላስቲክ ጋር ሲውል ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። አየር ያለው ፕላስቲክ ከኬዙ ውጭ ነው ያለው።

ካርቶኑን ከአንድ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ በነጻ ሰጡኝ፤ አዲስ ጊታር ሲመጣላቸው ባዶውን ይጥሉታል። ትንሽ ረዝሞብኝ ቆርጬ 47 በ20 በ9 ኢንች አደረግኩት። 48 ካለፈ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ሚዛን ላይ 24 ፓውንድ ናት፤ የሚያስከፍሉኝ ግን የ61 ነው፣ የያዘችውን ቦታ በስሌት ወደ ክብደት ለውጠው። አየር በኪሎ ሲሸጥ ያየሁት አሜሪካ ነው። ሰኞ የምልካትም በዓላማ ነው፤ ሐሙስ ወይም ዓርብ ብሰጣት ቅዳሜና እሑድን በረዶ መጋዘን ውስጥ ታሳልፍ ነበር።

የ24 ሰዓቱም ነገር ከዚሁ ነው የሚመጣው። የሚኒያፖሊስን ጥር ለአንተ አልነግርህም። ያ ቫርኒሽ ስድሳ ዓመት ሲሞላው እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባሪ ነው። በረዶ ሆኖ የመጣ እንጨት በድንገት ሞቅ ያለ አየር ሲያገኘው እንጨቱና ቫርኒሹ እኩል አይዘረጉም፤ ፊቷ ክረምት እንደወጣ የረግረግ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በካርቶኑ ውስጥ ሆና ቀስ ብላ ትሙቅ። ስትከፍትም በአንድ ጊዜ እንዳትወጥራት፤ ትንሽ ቃኛት፣ ቡና ጠጣ፣ እንደገና ቃኛት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ አስመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ከቃኘው ስቴሽን ወታደር እንዴት እንደገዟት ሲያወሩ «አንድ ቀን አገሯ ትገባለች» ይሉ ነበር፤ አገሯ የሚሉት አዲስ አበባን ነው። ልትወስዳት ካሰብክ ዝም ብለህ አውሮፕላን ላይ እንዳትጭናት። የጣት ማስቀመጫዋ የብራዚል ሮዝውድ ነው። ይህ እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶች የተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ያለ ወረቀት እንዲያልፍ ሲፈቀድ እሱ አልተፈቀደለትም። ከአሜሪካ ከመውጣቷ በፊት፣ እንጨቱ ከክልከላው በፊት የተቆረጠ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤታቸው ማውጣት አለብህ። ሽማግሌው ስለ ዕድሜዋ በጽሑፍ ሰጥቶኛል፤ ከማንገቻው ቁልፍ ጋር ፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ። መቼ እንደምትሄድ ንገረኝ። እኔም ፈቃድ ካገኘሁ ጋሼ መቃብር ድረስ አብሬህ ብሄድ ደስ ይለኛል።

ዓርብ ማታ ስትከፍታት ደውልልኝ። ባትደውልም ይገባኛል፤ ግን ፎቶ ላክ፣ ከኋላ፣ ከአንገቷ።

እናቴ ሰላም ብላሃለች። በርበሬው በሌላ ካርቶን ነው።

ያው ያንተው