ለአንባቢ የሚመች አግዳሚ ወንበር

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው የአዲስ አበባ መንገዶች ዳር የሕዝብ መቀመጫ መበራከቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ቀድሞ በከተማችን ሻይ ወይም ቡና ሳያዙ አረፍ የሚሉበት ቦታ እምብዛም አልነበረምና። ይሁን እንጂ ካየኋቸው መቀመጫዎች አያሌዎቹ መደገፊያ የሌላቸው የድንጋይ አግዳሚዎች በመሆናቸው፣ ለአፍታ እግር ለማሳረፍ እንጂ መጽሐፍ ይዞ አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ አይመቹም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ የቀትር ፀሐይ በመጽሐፍ ነጭ ገጽ ላይ ሲያርፍ ዓይን ያጭበረብራል፤ ድንጋዩም ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ እኩለ ቀን ላይ ያቃጥላል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። መቀመጫው ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለና ጥቂት ወደ ኋላ ዘመም ያለ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር፣ ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ቅርንጫፉ በተንሰራፋ ዛፍ ሥር ቢቀመጥ ይበቃል (ዘንባባ ለዓይን ያምራል እንጂ ጥላው አያስጠልልም)። በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው በአብርሆት ቤተ መጻሕፍትና በአራት ኪሎ ዙሪያ መጽሐፍ ይዞ የሚንቀሳቀስ ተማሪ ስለሚበዛ፣ ሥራው ከዚያ ቢጀመር የተሻለ ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ