ለአባባ፣ ለቡሄ ስለማልመጣበት ምክንያት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ «ለቡሄ ሰው ሁሉ ሲመጣ አንተን ምን ይዞህ ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። እውነትዎን ነው። ግን እናንተ ደብረ ብርሃን በዝናብና በጭጋግ ስትንቀጠቀጡ ዱባይ እሳት ናት። ከ40 ዲግሪ ታልፋለች። በፋብሪካው የምጠብቃቸው ቺለሮች፣ ማለትም ውኃ የሚያቀዘቅዙት ማሽኖች፣ የሚፈተኑት ያኔ ነው።

ቺለር ብርድ አይፈጥርም፣ አባባ። ሙቀትን ከውኃው ተቀብሎ ውጭ ይጥላል። እኛ ጋ ውኃው በ7 ዲግሪ ገደማ ሄዶ ፕላስቲክ የሚቀረጽበትን ብረት ያበርዳል፤ ሞቆ ይመለሳል። ችግሩ መጣያው ላይ ነው። ሙቀት በራሱ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንጂ ተገላቢጦሽ አይሄድም። ስለዚህ ውጭው 45 ሲሆን፣ በማሽኑ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን የሚሸከመው ጋዝ ወደ 60 ግድም መድረስ አለበት። ግፊቱ ይጨምራል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰርም መብራት ይበላል። በዚያ ላይ የበረሃ አቧራ ኮንደንሰሩን፣ ሙቀቱ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ክፍል፣ ሲሸፍነው፣ ሸዋ ሮቢት በቀትር በርኖስ ደርቦ እንደ መቆም ነው። ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ፋብሪካው ቀጥ!

አለቆች ለአዲስ ማሽን ገንዘብ ያወጣሉ፤ ለማጠቢያ ሰው ግን ይሰስታሉ። እኔ የማምነው በእጥበቱ ነው። ያውም በቀስታ፤ ውኃው በኃይል ከተረጨ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎቹ ይተጣጠፋሉ፣ አየር አያሳልፉም። ሙቀቱ ሳይጀምር የላሉ የኤሌክትሪክ ብሎኖችን እናጠብቃለን። ቱቦ ላይ የዘይት እድፍ ካየን ጋዝ የሚያፈሰው በዚያ እንደሆነ እንጠረጥራለን። ግፊቱንም በየቀኑ እንመዘግባለን፤ ትንሽ ትንሽ እያለ ከወጣ፣ ሳይቆም እንደርስበታለን።

«ፀሐይ ይመታሃል» ላሉት አይስጉ። ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው። እኛም ጣሪያው ላይ የምንወጣው ሲነጋጋ ነው።

ታናሼ ይህን ሙያ ልማር ካለ ለመሰደድ አይቸኩል። ደብረ ብርሃን ያሉት ቢራ ፋብሪካዎች በዚያ ብርድ እንኳ ማቀዝቀዣ አላቸው፤ ቢራ ሲብላላ ይሞቃላ።

ለገና እመጣለሁ። ያኔ እዚህም ቀዝቀዝ ይላል፣ ማሽኖቹን ለባልደረባዬ ትቼ ለመውጣት አልፈራም። በጉን ግን እኔ ሳልደርስ አይግዙ። ባለፈው ያታለሉዎት ይበቃል።

ልጅዎ